ፒያሳ ላይ ለሚሠራው የፕሪንተር ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሰላም የጎንደር ልጆች። ይህን ጽሑፍ መጻፍ የነበረብኝ ከሁለት ሳምንት በፊት ነው፤ የፈተና እርማት ይዞኝ ዘገየሁ። ፒያሳ ላይ ኮምፒውተርና ፕሪንተር የሚጠግን አንድ ወጣት አለ። ስሙን በአደባባይ እንዳልጠራ ስለለመነኝ አልጠራውም። ሥራውን ግን ላመስግን ብዬ ፈቃዱን ወስጃለሁ።

መምህርት ነኝ፤ ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ፈተና የማወጣውም የማትመውም ቤቴ ነው። ምክንያቱን መምህራን ታውቁታላችሁ። ፈተና በፍላሽ ይዞ ኮፒ ቤት መግባት ማለት ፋይሉን ለማያውቁት ኮምፒውተር አደራ ሰጥቶ መውጣት ነው። አንድ ቀን የራሴ ተማሪ ከኋላዬ ወረፋ ይዞ አየሁት፤ ከዚያ ወዲህ ዋናውን ቅጂ ቤቴ አትሜ፣ በፖስታ አሽጌ ነው ለትምህርት ቤቱ ማባዣ ክፍል የማስረክበው።

ቨርጂኒያ ያለችው ታናሽ እህቴ ይህን ስለምታውቅ ክረምት ላይ በሰው እጅ ፕሪንተር ላከችልኝ። ከመላኳ በፊት እዚያው ቤቷ ከፍታ፣ በራሷ ኢሜይል አካውንት አውጥታ፣ መሥራቱን አይታ ነበር። እዚህ የወንድሜ ልጅ ከቤታችን ዋይፋይ ጋር አገናኘልኝ። እስከ ገና ድረስ እሰይ የሚያሰኝ ነበር።

ጥር ላይ፣ የጥምቀት እንግዳ ገና ከከተማው ሳይወጣ፣ ፈተናው አምስት ቀን ሲቀረው ቆመ። ከኢንተርኔት ጋር አገናኙኝ ይላል፣ ቀለሙንም መጠቀም አይቻልም ይላል። የቤታችን ኢንተርኔት በዚያ ሰሞን ይመጣል ይሄዳል፤ ጥፋቱ የኔትወርኩ መስሎኝ ሌሊት ሁሉ ተነሥቼ ሞክሬያለሁ። የጎረቤቴን ስልክ ሆትስፖት አስከፍቼም እምቢ አለ። መጀመሪያ የወሰድኩበት ቤት ሁለት ቀን አቆይቶ «ቦርዱ ተቃጥሏል፤ 6,000 ብር» አለኝ። እህቴ ስንት ሰዓት ቆማ ሠርታ እንደገዛችው ስለማውቅ አለቀስኩ።

በማግሥቱ ባልደረባዬ ስለዚህ ልጅ ነገረችኝ። ፕሪንተሩን በጋቢ ጠቅልዬ ከማራኪ በባጃጅ ፒያሳ ወረድኩ። ልጁ ከሰላምታ በኋላ መጀመሪያ ያደረገው ማሽኑን ገልብጦ ከኃይል ማስገቢያው አጠገብ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ነው። «ቲቸር፣ ከአሜሪካ የመጣ ሲሉኝ መጀመሪያ የማየው ይሄን ነው። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ደህና ነው። በተለይ ሌዘር ፕሪንተሮቹ ለአሜሪካው 110 እና 120 ቮልት ብቻ የተሠሩ አሉ፤ የእኛ 220 ላይ ሲሰኩ ወዲያው ይቃጠላሉ» አለኝ። የእኔ 240 ድረስ ይላል። ቀጥሎ ውስጡ የነበረውን ቀለም አውጥቶ ከራሱ መደርደሪያ ሌላ ካርትሪጅ (የቀለም መያዣ) አስገባ። የሙከራው ገጽ ጥርት ብሎ ወጣ። አንድ መስመር እንኳ አልጎደለውም።

«ቦርዱ ምንም አልሆነም። የተቆለፈው ቀለሙ ነው» አለኝ።

ከዚህ በኋላ የነገረኝን ብዙ ሰው የሚያውቀው አይመስለኝምና ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ከፕሪንተሩ ጋር የመጣው ቀለም በወር ክፍያ የሚሰጥ ዓይነት ነው። ሰው በወር የሚያትመውን የገጽ ብዛት መርጦ ይከፍላል፤ ማሽኑ የታተመውን ገጽ እየቆጠረ በኢንተርኔት ለኩባንያው ያሳውቃል። ክፍያው ሲቋረጥ ወይም ማሽኑ ከኢንተርኔት ሲርቅ፣ ካርትሪጁ ቀለም እያለው ከሩቅ ይቆለፋል። ለካ እህቴ ገና ሰሞን የባንክ ካርዷን ቀይራ ኖሮ ክፍያው ተቋርጧል። ቨርጂኒያ የተቀየረ ካርድ ማራኪ ያለ ፈተናዬን ያዘው!

ከዚህ የከፋ ደግሞ አለ። አንዳንድ ፕሪንተር ገና ሲከፈት፣ ተጨማሪ የዋስትና ጊዜና ለጥቂት ወራት ነጻ ቀለም እንስጥዎ የሚል ጥያቄ ያመጣል። እሺ ያለ ሰው ማሽኑን ሁልጊዜ ከኢንተርኔት ጋር ሊያገናኝና የኩባንያውን ቀለም ብቻ ሊጠቀም ተስማማ ማለት ነው፤ በኋላ ልተወው ቢል ውሉ በቀላሉ አይፈታም። ልጁ የእኔን ሲያየው ይሄኛው ውል የለበትም። እህቴ ያንን ጥያቄ ዘላው ነበር። የወሩን ክፍያ ግን ራሷ ገብታ መሰረዝ አለባትና፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ደወልኩላት፤ እሷ ዘንድ እኩለ ቀን ነው። ልጁ ሱቁን ዘግቶ መሄጃው ደርሶ ሳለ ስልኩን ተቀብሎ ምን ላይ እንደምትጫን እየነገረ አስጨረሳት። «እታለም፣ አይዞሽ፣ ምንም አላጠፋሽም» ሲላት ሰማሁት። እኔ ራሴ ያን ያህል ታግሼ አላናገርኳትም ነበር።

ከዚያ በዩኤስቢ ኬብል ከላፕቶፔ ጋር አገናኘው። ኬብል የሚሰካበት ቀዳዳ ከኋላ በተለጣፊ ወረቀት ተሸፍኖ ስለነበር አራት ወር ሙሉ መኖሩንም አላወቅሁም። አካውንት ካልከፈትሽ ስካን አላደርግም የሚለውን አፕ ተወውና ዊንዶውስ ውስጥ ቀድሞውኑ ባለው የስካን ፕሮግራም መጠቀም አሳየኝ። ስልክም ቢሆን ከፕሪንተሩ ጋር ያለ ኢንተርኔት በቀጥታ ሊገናኝ ይችላል። ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ አይደሉም፤ ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ራውተር ከበራ ኢንተርኔት ባይኖርም ላፕቶፑና ፕሪንተሩ እዚያው ቤት ውስጥ ይነጋገራሉ። ይህን በዚህ ዕድሜዬ ከእሱ ተማርኩ።

አንድ ነገር ደግሞ አስደነገጠኝ። በአፕና በአካውንት በኩል ሲታተም፣ እንደ አሠራሩ፣ ጽሑፉ መጀመሪያ ባሕር ማዶ ወዳለ የኩባንያው ኮምፒውተር ሄዶ፣ ከዚያ ተመልሶ አጠገቤ ወዳለው ማሽን የሚመጣበት መንገድ አለ። ከኮፒ ቤት የሸሸግሁት ፈተና! በኬብል ሲሆን ግን ከላፕቶፑ ወደ ፕሪንተሩ ብቻ ነው።

ሁሉን ጨርሶ ገንዘብ ላወጣ ቦርሳዬን ስከፍት፣ «ቆይ ቲቸር፣ መጀመሪያ ራስዎ ያትሙ» አለኝ። የሱቁን ዋይፋይ አጠፋው፣ የእኔንም ስልክ ዳታ አስጠፋኝ። የፈተናዬን ሽፋን ገጽ ራሴ አዘዝኩ፤ ወጣ። ስካን አደረግሁ፤ ሠራ። አጥፍተን እንደገና አብርተን ደገምነው። ያን ጊዜ ነው ሒሳቡን የተቀበለኝ፦ ገና ስገባ የነገረኝን 400 ብር የእጅ ዋጋና የካርትሪጁን ዋጋ። ቅደም ተከተሉን በአማርኛ በእጁ ጽፎ ክዳኑ ውስጥ ለጠፈልኝ፤ የወንድሜ ልጅ በሌለበትም እሱን እያየሁ እሠራለሁ።

በዚች ከተማ ይህ ሙከራ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አስቡት። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ያለ እሱ ኖረናል። ያኔ ይህ ፕሪንተር ቢኖረኝ ኖሮ የሳሎን ጌጥ ነበር። ልጁም «እኔ ኢንተርኔት ጠፍቶ ያልሞከርኩትን ሠርቻለሁ አልልም» ያለው ለዚህ ነው።

የወንድሜ ልጅ እንደነገረኝ ደግሞ፣ ይኸው ባለሙያ ለአንድ የዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ተማሪ ያንኑ የማይፈታ ውል ያለበትን ፕሪንተር አይቶ «ይሄ ለአንተ አይሆንም፤ ገንዘብህን በእኔ አትጨርስ» ብሎ ሳያስከፍል መልሶታል።

ውጭ ያላችሁ ወገኖቻችን ለቤተሰብ ፕሪንተር ልትልኩ ካሰባችሁ፣ እባካችሁ ያለ አካውንት በኬብል የሚሠራ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ልጁ ለእኛ አገር የሚመርጠው ቀለሙ በጠርሙስ እየተገዛ ታንኩ ውስጥ የሚሞላውን ነው። አልፎ አልፎ ብቻ ለሚያትም ሰው ደግሞ ጥቁርና ነጭ ሌዘር ይሻላል ይላል፤ ቀለሙ (ቶነሩ) ዱቄት ስለሆነ ቢቀመጥ አይደርቅም። ቮልቱን ግን እዩ።

ወንድሜ፣ ፈተናው በሰዓቱ ደርሷል፤ አንድም ገጽ ከእጄ አልወጣም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እጅህ ይባረክ።

ሱቁን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አቅጣጫውን እነግራችኋለሁ። ስትሄዱ የኃይል ገመዱንና ላፕቶፓችሁን ያዙ፤ አካውንቱ የተከፈተበትን ኢሜይልና ፓስወርድም ከላከላችሁ ሰው አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፤ ከሰዓት ወረፋው ይበዛል።