የወር አበባ መከታተያ አፕ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ይህን የወር አበባ መከታተያ አፕ ስልኬ ላይ ከጫንኩት ስምንት ወር ሆነኝ። ለመመዝገቢያ ወድጄዋለሁ። ትንበያውን ግን አላምነውም።

አመዘጋገቡ ቀላል ነው። ደም የታየበት የመጀመሪያው ቀን 1 ተብሎ ይያዛል፣ ከዚያ ቀጣዩ ፔሬድ እስኪመጣ ይቆጠራል። ህመሙም የደሙ ብዛትም ነካ በማድረግ ብቻ ይገባል። "ባለፈው መቼ ነበር የመጣብኝ?" ብሎ መጨነቅ ቀረልኝ።

ችግሩ ኦቩሌሽን (እንቁላል የሚወጣበት ጊዜ) ላይ ነው። የኔ ዑደት 34 ቀን ገደማ ነው፤ አፑ ግን ወር በመጣ ቁጥር 14ኛው ቀን ላይ አበባ ስሎ "ዛሬ እንቁላል ይወጣል" ይለኛል። ልክ አይደለም! እንቁላል ከወጣ በኋላ ያለው ጊዜ ብዙም አይለዋወጥም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 14 ቀን ነው። እንቁላሉ የነበረበት ከረጢት ፕሮጄስትሮን የሚባል ሆርሞን እያመነጨ የማህፀኑን ሽፋን ያቆየዋል፣ እርግዝና ከሌለ ሆርሞኑ ይቀንስና ሽፋኑ ከደም ጋር ይወርዳል። የሚረዝመው የሚያጥረው ከዚያ በፊት ያለው፣ እንቁላሉ የሚያድግበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የኔ 20ኛው ቀን አካባቢ መሆን አለበት።

እንቁላል ከወጣ በኋላ የሰውነት ሙቀት ትንሽ ከፍ ስለሚል፣ ለማረጋገጥ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ሳልነሳ ሙቀቴን መለካት ጀመርኩ። 36.4፣ 36.3፣ 36.4 እያለ ቆየና 21ኛው ቀን ላይ 36.8 ገባ፤ ፔሬዴ እስኪደርስም እዚያው አካባቢ ቆየ። ከሁለት ቀን በፊት ደግሞ ፈሳሼ፣ እንቁላል ሊወጣ ሲል እንደሚሆነው፣ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጩ ውሃ ጥርት ብሎ ሲለጠጥ አይቻለሁ። 14ኛው ቀን ላይ ይሄ ሁሉ የለም። ሙቀቱን አፑ ላይ አስገባሁለት። በሚቀጥለው ወርም አበባው ያው 14 ላይ።

ይሄ ቀላል ስህተት አይደለም። የወንድ ዘር ሴት ሰውነት ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል፣ እንቁላሏ ግን ከ24 ሰዓት አታልፍም። አፑ ከ16ኛው ቀን ጀምሮ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ "እርግዝና አያሰጋም" ይላል። ለኔ እኮ ዋናው የእርግዝና ጊዜ እሱ ነው! አምናው እርግዝና ለመከላከል የምትጠቀምበት ልጅ ምን ልትሆን ነው? ዑደቷ 28 ቀን የሆነችም ብትሆን አንድ ወር ሐሳብ ወይም ህመም ኦቩሌሽኗን ሊያዘገየው ይችላል።

ደግነቱ ሴቲንግ ውስጥ ትንበያውን መደበቅ ይቻላል። እኔ ደብቄዋለሁ፣ አሁን ቀኑንና ሙቀቴን ብቻ ነው የምሞላው።