በልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ያለ አንድ የፎቶ ኮፒና የጥራዝ ቤት፦ የማስረጃ ሰነድ ለሚያስባዙ

ፖለቲካዊ ይዘት ባለው የወንጀል ክስ ለተከሰሰ ሰው፣ ከችሎቱ ክርክር ቀድሞ የሚመጣው ትልቁ ጥያቄ የቀረበበት ማስረጃ መቼና በምን ሁኔታ እጁ ይገባል የሚለው ነው። የሕጉ መልስ አጭር ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 4 ተከሳሽ የቀረበበትን ማናቸውንም ማስረጃ የመመልከት መብት እንዳለው ደንግጓል። በተግባር ግን ይህ መብት በልደታ በሚገኘው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዙሪያ በተደረደሩት ጠባብ የፎቶ ኮፒ ቤቶች በኩል ያልፋል። በጥብቅና ሥራዬ ለረዥም ጊዜ የተጠቀምኩበትን አንዱን ቤት እገመግማለሁ። ስሙን አልጠቅስም፤ በጠረጴዛው ላይ የሚያልፈው ሰነድ ሊያመጣ የሚችለው ትኩረት ለባለቤቶቹም ሆነ ለደንበኞቻቸው አይበጅም። በአካባቢው የሚመላለስ ጠበቃ ግን ከገለጻዬ ሊለየው ይችላል።

የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ማስረጃ ለተከሳሽ የሚሰጥበትን ጊዜና ሥርዓት በዝርዝር አይደነግግም። በልማድ የጸናው አሠራር ዐቃቤ ሕግ የምስክሮቹንና የሰነዶቹን ዝርዝር ከክስ ማመልከቻው ጋር አያይዞ ማቅረቡ፣ ተከሳሹም የክሱ ግልባጭ ሲደርሰው አባሪዎቹን አብሮ መቀበሉ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ የጠበቃና የቤተሰብ ነው። ብዙ ሰዎች በአንድ መዝገብ በሚከሰሱበት ጉዳይ እያንዳንዱ ተከሳሽ በቂሊንጦ ወይም በቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሆኖ የሚያነበው የራሱ ጥራዝ ያስፈልገዋል፤ ለክስ መቃወሚያ የሚሰጠው ቀጠሮ ደግሞ ብዙ ጊዜ አጭር ነው። በዚህ ጥድፊያ ውስጥ አንድ ገጽ ቢዘለል፣ የአንድ ሉህ ጀርባ ሳይባዛ ቢቀር፣ ጉድለቱ የሚታወቀው ምስክር እየተሰማ ሳለ ሊሆን ይችላል።

ይህን ቤት ከጎረቤቶቹ የሚለየው ሰነዱን ወደ ማሽኑ ከማስገባታቸው በፊት ገጽ በገጽ መቁጠራቸው ነው። በያዝኩት አንድ መዝገብ በስልክ ጠለፋ የተገኘ የንግግር ግልባጭ ይዤ በሄድኩ ጊዜ፣ ማሽኑ ላይ የምትሠራው ወጣት ሥራውን አቁማ ጠራችኝ። «ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ ገጹ ይዘላል፤ እርስዎ ባመጡት ላይም የለም» አለችኝና የጎደሉትን ቁጥሮች በእርሳስ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ ከጥራዙ ጋር በክሊፕ አያያዘችልኝ። ማስረጃው ተሟልቶ እንዲሰጠን ያቀረብነው ማመልከቻ የተዘጋጀው ያን ቁራጭ ወረቀት ይዘን ነው። ልጅቷ ስለ ጉዳዩ አንዲት ቃል አልጠየቀችም፤ ይዘቱንም አላነበበችም፤ የተመለከተችው የገጹን ግርጌ ብቻ ነበር። ለእኔ ከማሽኑ ጥራት ይልቅ የሚበልጠው ይህ ጥንቃቄ ነው።

ሁለተኛው ጥንካሬያቸው ማኅተምና ፊርማ ያለበትን ገጽ ለይተው በቀለም ማባዛታቸው ነው። ሐምራዊ ማኅተም በጥቁርና ነጭ ሲባዛ ይደበዝዛል፤ ከኮፒ ላይ ሌላ ኮፒ ሲነሣ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። በሰነድ ማስረጃ ላይ የሚደረግ ክርክር ብዙ ጊዜ ማን ፈረመ፣ በየትኛው ቀን ፈረመ በሚለው ላይ ያርፋል። ክሱ በ1987 ዓ.ም. መሰማት ጀምሮ የጥፋተኝነት ፍርዱ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በተሰጠው የደርግ ባለሥልጣናት ጉዳይ፣ ከዐቃቤ ሕግ ጠንካራ ማስረጃዎች መካከል የደርግ መንግሥት የራሱ ጽሑፎች ይገኙበት ነበር። የተፈረመበት ወረቀት ያን ያህል ክብደት በሚሸከምበት ሙግት፣ ተከሳሹ የደበዘዘ ግልባጭ ይዞ ይከራከር ማለት አግባብ አይመስለኝም። የፎቶግራፍ አባሪዎችንም እንዲሁ ነው የሚይዟቸው፤ የሰዎቹ ፊት ጠቁሮ የወጣበትን የሰልፍ ፎቶ ብርሃኑን እየቀያየሩ መልክ እስኪለይ ድረስ ደጋግመው አውጥተውልኛል፤ ለተበላሹት ወረቀቶችም አላስከፈሉኝም።

የድምፅና የምስል ማስረጃን በተመለከተ አገልግሎታቸው ደህና ነው፤ የተለየ ግን አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በቅንጅት መሪዎች ላይ በተመሠረተው ክስ ቪዲዮና የድምፅ ቅጂ በማስረጃነት ከቀረቡ ወዲህ እንዲህ ያለ ማስረጃ እንግዳ አይደለም። ቤቱ ሲዲን ወደ ፍላሽ ይገለብጣል፤ ከተጠየቀም ከቪዲዮው ላይ ምስሎችን ከነሰዓታቸው በወረቀት ያትማል። ኮምፒውተር ለማያገኝ እስረኛ ይህ የኋለኛው ጠቃሚ ነው።

ቅሬታዬ የሰነዱን ምስጢር አጠባበቅ ይመለከታል። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የምስክር ማንነት እንዳይገለጽ ለማድረግ ይፈቅዳል። በእነ አቶ እስክንድር ነጋ መዝገብም ምስክሮች በግልጽ ይሰሙ ወይስ ከመጋረጃ በስተጀርባ የሚለው ክርክር ወደ በላይ ፍርድ ቤት ሄዶ ጉዳዩን እጅግ አጓትቶታል። የምስክር ስም እንዲህ በሚያከራክርበት ሁኔታ፣ ተባዝቶ ባለቤቱን የሚጠብቅ የምስክርነት ቃል በባንኮኒ ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ መተው አይገባም። ይህን በዚህ ቤት በዓይኔ አይቻለሁ፤ በምሳ ሰዓት ወረፋ ሲበዛ የአንዱ መዝገብ ከሌላው ጎን ይከመራል። ስካን የተደረገውን ፋይል ከኮምፒውተሩ እንዲያጠፉልኝ ስጠይቅ ፊቴ ያጠፉልኛል፤ ነገር ግን ሳይጠየቁ ሊያደርጉት በተገባ። የተከሳሹን ማስረጃ የማየት መብት አጥብቄ የምከራከርለትን ያህል፣ ያ ማስረጃ ለመንገደኛ ሁሉ እንዲታይ አልፈልግም፤ በፍርሃት ቃሉን የሰጠ ምስክር ስሙ በኮፒ ቤት ሊወጣ አይገባም።

ከቤቱ አቅም በላይ የሆነ ነገርም አለ። በምርመራ መዝገቡ ውስጥ ያለ፣ ለተከሳሹ የሚጠቅም፣ ዐቃቤ ሕግ ግን በማስረጃ ዝርዝሩ ያላካተተው ወረቀት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ከቶ አይደርስም። የሕገ መንግሥቱ ድንጋጌ የሚናገረው በተከሳሹ ላይ ስለቀረበ ማስረጃ ነው፤ ያልቀረበውን ለማግኘት ጠበቃው መኖሩን በሌላ መንገድ ደርሶበት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ማስቀረብ አለበት። መኖሩን ያላወቁትን ሰነድ ለይቶ መጠየቅ እንዴት እንደሚቻል የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል። በእኔ እምነት ከሁሉ በፊት መስተካከል ያለበት ይህ ነው።

ዋጋቸው ከአካባቢው ጥቂት ይወደዳል፤ ለብዙ ጥራዝ ግን ይቀንሳሉ፤ ደረሰኝም ያለጥያቄ ይሰጣሉ። ጥራዛቸው ጠንካራ ነው፤ ብዙ ገጽ ያለውን ሰነድ በአንድ ላይ ከመጠረዝ ይልቅ በሁለትና በሦስት ክፍል ከፍለው በየሽፋኑ ላይ የመዝገብ ቁጥሩንና የገጹን መነሻና መድረሻ ይጽፉበታል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ስለሌላቸው ሥራው ይቆማል፤ ስለዚህ የቀጠሮ ዋዜማን ባይጠብቁ ይመረጣል። ከሰዓት በኋላ፣ ችሎቶች ከተነሡ በኋላ መሄድ ይሻላል፤ ወረፋው ስለሚቀልል ገጾቹን ከእነርሱ ጋር ቆሞ ለመቁጠር ጊዜ ይገኛል። ዋናውን ሰነድ ትቶ መሄድን ግን ለማንም አልመክርም።