የልጆቻችንን ጭንቀት ላቃለሉ የደብረ ብርሃን የምክር አገልግሎት መምህርት፤ ምስጋናና ጥቆማ

በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት የሚሰጡ መምህርት ለልጆቻችን ስላደረጉት መልካም ሥራ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ፣ አሠራራቸውንም በሰሜን ሸዋ ለሚገኙ ወላጆች፣ ርዕሳነ መምህራንና የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት (ወተመህ) አባላት ለመጠቆም ይህን ጽፌአለሁ። ስማቸውና የትምህርት ቤቱ ስም እንዲጠቀስ ስላልፈቀዱ ፈቃዳቸውን አክብሬ «መምህርቷ» እያልሁ እቀጥላለሁ። እኔ በዚያው ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆች አባትና የወተመህ አባል ነኝ፤ ከአጣዬ አካባቢ ተፈናቅላ የመጣችውን የእህቴን ልጅም እያሳደግሁ ነው።

ልጆቻችን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያዩትን ማንም የሰሜን ሸዋ ሰው አይዘነጋውም። በ2018 ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ሁለተኛ ክፍል ሳለ፣ በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቱ ተዘጋበት። በ2013 አጣዬ ተቃጠለች፤ በ2014 የመጀመሪያ ወራት ጦርነቱ በሸዋ ሮቢት አልፎ እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ደረሰ፤ ከወለጋና ከሌሎች ቦታዎች የተፈናቀሉ ቤተሰቦችም በከተማችን መጠለያዎች ሰፈሩ። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በቀጠለው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የተከፈቱትም ቢሆኑ ትምህርቱ የሚቀጥልበትና የሚቋረጥበት ቀን አይታወቅም። በታህሳስ 2017 በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ ንዝረቱ እኛም ዘንድ ሲሰማ፣ በሌሊት ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ወደ ውጭ የሮጡ ልጆች ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ መተኛት ፈርተው ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ያለፈበት ልጅ «ተጨንቄአለሁ» ብሎ አይናገርም። ሆዴን ይላል፤ ራሴን ይላል፤ ሽንቱን መቆጣጠር ከጀመረ ዓመታት ያለፉት ልጅ እንደገና አልጋ ማርጠብ ይጀምራል፤ ከእናቱ ቀሚስ አልለይ ይላል። ከፍ ያለው ደግሞ በትንሹ ይቆጣል፣ ከጓደኞቹ ይርቃል፣ መጽሐፍ ገልጦ አንዲት ገጽ ሳያነብ ሰዓቱ ያልፋል። መምህርቷ ሥራቸውን የጀመሩት ከልጆቹ ሳይሆን ከመምህራን ነበር፤ ስም ጠሪ መምህራንን ሰብስበው እነዚህን ምልክቶች አንድ በአንድ አስረዱ። ሰው ሲደነግጥ ሰውነቱ ለመሸሽ ወይም ለመታገል ይሰናዳል፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ የምግብ መፈጨት ይታወካል፤ ስለዚህ በፈተና ማለዳ ሆዱን የሚያመው ልጅ አስመሳይ አይደለም፣ ሕመሙ እውነተኛ ነው። ይህ ማብራሪያ ከተሰጠ በኋላ «ሰነፍ» እና «ረባሽ» እየተባሉ ከክፍል ይወጡ የነበሩ ልጆች ወደ እርሳቸው መላክ ጀመሩ። በእኔ እምነት የመጀመሪያው ትልቅ ለውጥ ይህ ነው።

ሁለተኛው ነገር ከሁሉም በላይ ያስደነቀኝ ነው፤ መምህርቷ ልጅን አስገድደው አያናግሩም። የእህቴ ልጅ ወደ እኛ ከመጣች ዓመታት ቢያልፉም የቆርቆሮ በር በኃይል ሲዘጋ ከዴስክ ሥር የምትገባ፣ ለመምህር ጥያቄ በአንገቷ ብቻ የምትመልስ ልጅ ነበረች (ይህን የምጽፈው እርሷው ፈቅዳልኝ ነው)። መምህርቷ ምን አየሽ፣ ምን ደረሰብሽ ብለው አልጠየቋትም። በግቢው የተተከሉትን ችግኞች ውሃ የማጠጣት ኃላፊነት ሰጧት፤ በዕረፍት ሰዓት ቢሯቸው መጥታ ሥዕል እንድትሥል ወረቀትና ከለር አስቀመጡላት፤ አጠገቧ ተቀምጠው የራሳቸውን ሥራ ይሠራሉ። ከወራት በኋላ አንድ ቀን ስለ አባቷ ቤት ልጅቷ ራሷ አነሣች። እርሳቸውም እስክትጨርስ ሰሟት፤ ስትጨርስ በመናገሯ አመስግነው፣ ለማን ሊነገር እንደምትፈልግና እንደማትፈልግ ጠየቋት። እኔ የሰማሁት እርሷ ስትፈቅድ ብቻ ነው።

ይህ አካሄድ የእርሳቸው የግል ፈጠራ ብቻ እንዳልሆነ ነግረውኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች ድርጅቶች ጋር በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሦስት ነገር ያዝዛል፤ ማየት፣ ማዳመጥና ማገናኘት። ችግር ላይ ያለውን ሰው ለይቶ ማየት፣ ሊናገር የወደደውን ብቻ ሳያቋርጡ ማዳመጥ፣ ከዚያም ከሚያስፈልገው እርዳታና ከሚወዱት ሰዎች ጋር ማገናኘት ማለት ነው። የደረሰበትን ሁሉ በዝርዝር እንዲናገር መጎትጎት ግን ሊጎዳው እንደሚችል መመሪያው ያስጠነቅቃል። አዛኝ ጎረቤትና ዘመድ በመጣ ቁጥር ልጅን አስቀምጦ «እስቲ እንዴት እንደነበረ ንገራቸው» ማለት በየቤታችን የተለመደ ስለሆነ፣ ይህችን ነጥብ ወላጆች ሁሉ ቢይዟት እወዳለሁ።

ልጆቹ ራሳቸውን እንዲረዱ ያስተማሯቸው ነገሮችም ገንዘብ የማይጠይቁ ናቸው። ማለዳ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ፣ በተለይ በኅዳርና በታህሳስ የደብረ ብርሃን ውርጭ ትንፋሽን እንደ ጢስ በሚያሳይበት ጊዜ፣ ተማሪው ሁሉ በአፍንጫው ቀስ ብሎ አየር ያስገባና ካስገባበት በረዘመ ጊዜ በአፉ ያወጣል። ትንሾቹ የሚወጣውን ትንፋሽ በዓይናቸው እያዩ ማን ረጅም እንዳወጣ ይወዳደራሉ። ረጅሙ ትንፋሽ የልብ ምትን ስለሚያረጋጋ ሰውነት አደጋው እንዳለፈ ያውቃል። ሌላው የአምስቱ ሕዋሳት መልመጃ ነው፤ ፍርሃት ሲመጣ አምስት የሚታዩ ነገሮችን፣ አራት የሚዳሰሱትን፣ ሦስት የሚሰሙትን፣ ሁለት የሚሸተቱትን፣ አንድ የሚቀመሰውን መጥራት። መልመጃው በብዙ አገር የታወቀ ነው፤ የእኛ ልጆች ግን በራሳቸው አካባቢ ያለውን ይጠሩበታል፤ የጋቢውን ጥለት ይዳስሳሉ፣ የባጃጁን ድምፅና የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ይሰማሉ፣ የሚቆላውን ቡና ያሸታሉ፣ ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው ይቀምሳሉ። ታናሹ ልጄ መብራት በጠፋ ሌሊት ብቻውን ጮክ ብሎ ሲቆጥር ሰምቼው በጣም ደስ ብሎኛል።

ለወላጆች ስብሰባ ሲጠሩን የነገሩን ነገር በአብዛኛው ስለ እንቅልፍና ስለ ስልክ ነበር። ከስድስት እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለው ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ልጅ አጠገባችን ተኝቷል ብለን በስልክ የምንከፍተው የግጭት ቪዲዮና ድምፁን ከፍ አድርገን የምንሰማው ዜና ግን እንቅልፉን ይነጥቀዋል። ዜናውን እንዳንደብቅ፣ ልጁ ሲጠይቅ ለዕድሜው በሚመጥን ቃል እውነቱን እንድንነግረውና «ይህ በፍጹም አይደገምም» የሚል ልንጠብቀው የማንችለውን ቃል እንዳንሰጠው አሳሰቡን። የምንበላበትና የምንተኛበት ሰዓት የተወሰነ ይሁን፤ ነገ የሚሆነው በማይታወቅበት ጊዜ እነዚህ ትንንሽ ልማዶች ልጅን ያረጋጉታል። ገበጣውም፣ ሱዚውም፣ በገና ሰሞን ሜዳ ላይ የሚመታው ሩሩም ጊዜ ማባከን እንዳልሆነ፣ ጨዋታ ለልጅ ጭንቀቱን የሚያወጣበት መንገድ እንደሆነ አስረዱን። ከአባቶች መካከል «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ያሉ ነበሩ፤ መምህርቷ አክብረው ሰምተው፣ ያለቀሰ ልጅ ቶሎ እንደሚረጋጋና ለቅሶውን የዋጠ ልጅ ብዙ ጊዜ በጠብ እንደሚያወጣው ከትምህርት ቤቱ ተሞክሮ በመነሣት ገለጹላቸው። ልጃቸውን ፀበል የሚወስዱ እናቶችንም አልከለከሉም፤ ጸሎቱና ምክሩ አብረው እንዲሄዱ፣ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ካለ ግን እንዳይቋረጥ ብቻ አደራ አሉ።

የፈተና ጭንቀትን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በመጀመሪያው ዙር 3.3 በመቶ፣ በሁለተኛው 3.2 በመቶ የሚሆኑት ተፈታኞች ብቻ ግማሽና ከዚያ በላይ ማምጣታቸው በየቤቱ ፍርሃት አሳድሯል፤ ፍርሃቱም ወደ ስድስተኛና ስምንተኛ ክፍል ልጆች ወርዷል። መምህርቷ ከማጠናከሪያ ትምህርት ጎን ለጎን ትልቁን ትምህርት ከፋፍሎ ማጥናትን፣ በየመሐሉ ተነሥቶ መንቀሳቀስን፣ በፈተናው ዋዜማ ሌሊቱን ከማንጋት ይልቅ መተኛትን ያስተምራሉ። ለወላጆች ያላቸው ጥያቄ ደግሞ ልጁን ከጎረቤት ልጅ ጋር አለማወዳደር ነው።

የሥራቸውን ወሰን ማወቃቸውም ያስከብራቸዋል። ምልክቶቹ ከወር በላይ የቆዩበት፣ መብላትና መተኛት ያቃተው፣ ወይም ራሱን ስለ መጉዳት የተናገረ ልጅ ሲያጋጥማቸው «እኔ እበቃዋለሁ» አይሉም፤ ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግረው ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይልካሉ፣ የመጀመሪያውን ቀንም አብረው ይሄዳሉ። ራስን ስለ መጉዳት የተነገረ ቃል ቀን ሳይሰጠው በዚያው ዕለት እንዲታይ አበክረው ያሳስባሉ። መምህራንም ከዚያው ጦርነትና መፈናቀል ያለፉ ሰዎች ስለሆኑ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሻይ እየጠጡ የሳምንቱን ድካም የሚያወሩበት ሰዓት አስጀምረዋል። በመጀመሪያ ጥቂት ሰው ብቻ ይመጣ ነበር፤ አሁን ከሌላው ፈረቃም ይመጣሉ።

ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ከምጠቁማቸው ነገሮች ዋነኛው የሚከተለው ነው። በብዙ ቦታ የምክር አገልግሎት መምህር የተባለው ሰው የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጸሐፊም፣ አርፋጅ ተማሪን በር ላይ የሚቀጣም እርሱ ይሆናል። ጠዋት የቀጣውን ሰው ከሰዓት በኋላ ምሥጢሩን የሚያወያይ ልጅ የለም። በእኛ ትምህርት ቤት መምህርቷ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋግረው ከዲሲፕሊን ሥራ ሙሉ በሙሉ እንዲወጡ ተደረገ፤ ወተመህም በሩ የሚዘጋ፣ መስኮቱ መጋረጃ ያለው ጠባብ ክፍል አዘጋጀላቸው። የቀድሞ የዕቃ ማከማቻ ነበር፤ ወላጆች ቀለም ቀባነው፣ አንዲት እናት ምንጣፍ አመጣች፣ አንድ አናጢ ወላጅ አግዳሚ ወንበር ሠራ። ልጁ በዚያ ክፍል የተናገረው በመምህራን ማረፊያ እንደማይወራ ጽኑ ስምምነት አለ፤ በልጁ ሕይወት ወይም በሌላ ሰው ላይ አደጋ ካለ ግን ዝም እንደማይሉ መምህርቷ ገና ከመጀመሪያው ለልጁ ይነግሩታል።

መምህርት ሆይ፣ የእህቴ ልጅ ዘንድሮ በሚኒ ሚዲያ ክበብ ውስጥ ማይክራፎን ይዛ ዜና ታነባለች። የልጆቼ እናትና እኔ፣ ከእኛም ጋር በርካታ ቤተሰቦች፣ ስላደረጉልን ሁሉ ከልብ እናመሰግንዎታለን። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከአንኮበር፣ ከመሐል ሜዳም ሆነ ከሌላ ወረዳ የእርሳቸውን ልምድ መውሰድ የምትፈልጉ ትምህርት ቤቶች በየወረዳችሁ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል ለደብረ ብርሃን ከተማ ትምህርት መምሪያ ደብዳቤ ብትልኩ፣ በትምህርት ቤታችን ወተመህ በኩል እናገናኛችኋለን። ቅዳሜ ቅዳሜ መንገዱ ሲፈቅድ ለመምህራን የግማሽ ቀን ሥልጠና ይሰጣሉ፤ ክፍያ አይቀበሉም። እርሳቸው የሚጠይቁት፣ ርዕሰ መምህሩ ከመምህራኑ ጋር ቁጭ ብሎ ሥልጠናውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲከታተል ብቻ ነው።