ፉሉ ጥሩ ነው፣ አለቃዋ ግን ትበልጣለች

ሃያ ሁለት አካባቢ ያለች አንዲት ቁርስ ቤት ደንበኛ ከሆንኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ፉሉ አሪፍ ነው፣ ጨጨብሳው ላይም ቅቤ አይሰስቱም። እውነቱን ለመናገር ግን የሚመልሰኝ ምግቡ ሳይሆን አስተናጋጆቹ ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያው ፊቶች! አዲስ አበባ ውስጥ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ምስጢሩ ሥራ አስኪያጇ ትመስለኛለች። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከደረሳችሁ ሁሉንም፣ ዕቃ አጣቢዋን ሳይቀር፣ ባንኮኒው ጋ ሰብስባ ዛሬ ምን እንደሌለ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን የትኛውን ጠረጴዛ እንደሚይዝ ስታወራ ታገኟታላችሁ። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

አንድ ረቡዕ የጾም ፍርፍር አዝዤ ቅቤ ያለው መጣልኝ። ልጁ ክው አለ። እሷ መጥታ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ትዕዛዙን ለኩሽና የነገርኩት እኔ ነኝ" ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ ልጁን ደግሞ "አይዞህ፣ ወደ ሥራህ" አለችው። ሌላ ቤት ቢሆን በሰው ፊት ያብጠለጥሉት ነበር። አሁን አስተናጋጆቹ ከኩሽና የተቀበሉት ሳህን ካላማራቸው ማንንም ሳይፈሩ ራሳቸው ይመልሱታል። ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛው ችግር ሲያይ ገመድ ስቦ መስመሩን ማስቆም ይችላል፤ እዚህ ገመዱ የለም እንጂ ነገሩ ያው ነው። ቲፑም አንድ ሳጥን ይገባና ማታ ከዕቃ አጣቢዋ ጋር ይካፈሉታል።

ማኪያቶው ግን ትንሽ ይቀጥናል። እሁድ ደግሞ ከ3 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ አለዚያ ቆማችሁ ነው የምትጠብቁት።