ጊታሩ ሄደ፣ እንጉርጉሮው ቀረ፦ የኤቭሪቲንግ በት ዘ ገርል ስብስብ አልበም

«ምርጥ ሥራዎች» የሚባሉ አልበሞች አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ዘፈን ተነስተው እስከ መጨረሻው በዓመት የተደረደሩ ናቸው። የእንግሊዙ ቡድን ኤቭሪቲንግ በት ዘ ገርል፣ ማለትም ዘፋኟ ትሬሲ ቶርን እና የሙዚቃ አጋሯ ቤን ዋት፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያወጡት «ላይክ ዘ ዴዘርትስ ሚስ ዘ ሬይን» ግን ይህን ልማድ አልተከተለም። የወጣትነታቸው የጊታር ዘፈን ከኋለኛው የዳንስ ዘፈን ጎን ይቀመጣል፤ አሥር ዓመት ወደፊት ከሄዳችሁ በኋላ የሚቀጥለው ዘፈን ወደኋላ ይመልሳችኋል። የአልበሙ ብርታትም ጣጣም ከዚህ ይመጣል።

ብርታቱን እናስቀድም። በዚህ አደራደር ሲሰሙ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፦ የቶርን ድምፅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያው ነው። ዝቅ ያለ ነው፣ ብዙም አይንቀጠቀጥም፣ አይጮኽም፤ ለማይክሮፎኑ ተጠግታ ለአንድ ሰው ብቻ እንደምትነግር ትዘፍናለች። ከሥሩ ያለው ቅንብር ሦስት አራት ጊዜ ተቀይሯል፣ እንጉርጉሮው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ዘፈኖቹ በዓመት ቢደረደሩ ኖሮ ጆሯችን የቴክኖሎጂውን ለውጥ ይከተልና ይህን ሳያስተውል ያልፍ ነበር።

ጣጣው ደግሞ አዲስ አድማጭ ላይ ይወድቃል። ሁለቱ በእንግሊዝ በሃል ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተገናኝተው በ1982 ቡድኑን ሲመሠርቱ (ስሙን የወሰዱት ከከተማው አንድ የዕቃ ቤት ማስታወቂያ ነው) ይጫወቱ የነበረው ጃዝ የቀመሰ ለስላሳ የጊታር ሙዚቃ ነበር። የ1984ቱን «ኢደን» ፕሮዲውስ ያደረገው ሮቢን ሚላር ነው፤ በዚያው ዓመት የወጣውን የዘፋኟ ሻዴን «ዳይመንድ ላይፍ» የሠራው እሱው ነው፣ ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ዝምድናቸውን አይስተውም። ከዚያ በ1986 የኦርኬስትራ አልበም መጣ፤ በ1990 ደግሞ ስታን ጌትዝ ሳክስፎን የነፋበት የአሜሪካ ሥራ። ከ1984 እስከ 1999 አሥር የስቱዲዮ አልበሞች አሉ። አንድ ሲዲ የሚይዘው ቢበዛ 80 ደቂቃ ነው፣ ለአሥር ቢካፈል ለአንዱ አልበም ስምንት ደቂቃ፣ ማለትም ሁለት ዘፈን ይደርሰዋል። በዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ሲበተን አዲሱ አድማጭ ለውጡን ይሰማል እንጂ ለምን እንደመጣ አያውቅም።

ለውጡን ለመረዳት ከሁሉ የሚጠቅመው አንድ ዘፈን ነው፦ «ሚሲንግ»። የስብስቡ ርዕስም የተወሰደው ከዚህ ዘፈን አዝማች ነው። ዋት በ1992 በጠና ታሞ ብዙውን የትንሹን አንጀቱን ክፍል ካጣ በኋላ በ1994 «አምፕሊፋይድ ኸርት» ወጣ። አልበሙ ላይ ዳኒ ቶምሰን ደብል ቤዝ፣ ዴቭ ማታክስ ድራም ይጫወታሉ፤ ጠጋ ብሎ ላዳመጠ የቶምሰን ጣት ከክሩ ላይ ሲነሳ ጭምር ይሰማል። በዚያው አልበም ላይ ያለው የመጀመሪያው «ሚሲንግ» የተቆጠበ ነው። በዘፈኑ የምትተርከው ሴት ከባቡር ወርዳ የምትናፍቀው ሰው ይኖርበት በነበረው መንገድ ታልፋለች፤ ሰውየው ግን ከዚያ ከለቀቀ ቆይቷል። ቅንብሩ አብሯት ያዝናል።

አሜሪካዊው ዲጄ ቶድ ቴሪ የዘፈኑን ሪሚክስ (አዲስ ቅንብር) ሲሠራ የቶርንን ድምፅ አልነካውም። ከሥሩ በእያንዳንዱ ምት የሚመታ የሃውስ (የዳንስ ቤት ሙዚቃ ስልት) ድራምና ክብ ቤዝ አስገባ፣ አበቃ። ውጤቱ ግን የዘፈኑን ትርጉም ገለበጠው። ቀድሞ ቆማ የምታዝን የነበረችው ሴት አሁን እየተራመደች ታዝናለች፤ በዚያ ምት መቆም አይቻላትምና ያንኑ መንገድ ደግማ ደጋግማ ትመላለሳለች። ይህ ቅጂ በእንግሊዝ ሰንጠረዥ ሦስተኛ፣ በአሜሪካ ሁለተኛ ደረሰ፤ ያውም የእንግሊዙ አሳታሚያቸው ውላቸውን ካቋረጠ በኋላ። ስብስቡ የያዘው የቴሪን ነው። እኛ የምንመክረው የ1994ቱን ፈልጋችሁ ሁለቱን አከታትላችሁ እንድትሰሙ ነው፤ ስሙ ብቻ ከተፈለገ ብዙ ቅጂ ስለሚመጣ በአልበሙ ስም በኩል ግቡ።

ቀጥሎ የመጣው የ1996ቱ አልበም «ዎኪንግ ዉንድድ» ነው፤ እዚህ ሌላ ብልሃት አለ። በድራም ኤንድ ቤዝ (ፈጣን ከበሮና ጥልቅ ቤዝ ያለው የዳንስ ሙዚቃ ስልት) ከበሮው በደቂቃ ወደ 170 ምት ይሮጣል፣ ቶርን ግን በግማሹ ነው የምትዘፍነው። ከበሮው እንደ ልብ ምት ሲጣደፍ ዜማው ይጎተታል። ሐዘኑ በፍጥነቱ ያልጠፋው ለዚህ ነው። በሙሉ ፍጥነት ብትዘፍን ኖሮ ግጥሙ ይኮለታተፍ ነበር።

አሁን ስለ ማዳመጫው። ይህን አልበም በስልክ ስፒከር መስማት ከንቱ ድካም ነው። የስልክ ስፒከር ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን እምብዛም አያወጣም፣ የድራም ኤንድ ቤዙ ጥልቅ ቤዝ ደግሞ የሚገኘው 50 ኸርዝ አካባቢ ነው። ስለዚህ የሚቀረው ቻቻታ ብቻ ይሆንና ዘፈኑ ባዶና የተቻኮለ ይመስላል። መጠነኛ የጆሮ ማዳመጫ ይበቃል። ቤዝ ማጉያውን ግን አጥፉት፦ የቶርን ዝቅተኛ ድምፅ ከቤዙ በላይ፣ ብዙም ሳይርቅ ነው የሚያርፈው፤ ቤዙ ሲጎላ አብሮ ያብጥና ቃላቱ ይታፈናሉ፣ ከሁሉ የሚጎዱት ደግሞ የጊታር ዘፈኖቹ ናቸው። በስፖቲፋይ የምትሰሙ ከሆነ ሾፍል አታድርጉ (የዘፈኖቹን ተራ አታዘበራርቁ)። አልበም በተራ ሲጫወት በዘፈኖቹ መካከል ያለው የድምፅ መጠን ልዩነት እንዳለ ይቆያል፤ ሾፍል ሲደረግ እያንዳንዱ ለየብቻ ይስተካከልና ለብቻዋ የተቀመጠች ጊታር ከዳንሱ ዘፈን እኩል ትጮኻለች። ዘፈን ከዘፈን የሚያደባልቀውንም ማስተካከያ ዝጉ፤ አንዳንድ ዘፈኖች የሚያልቁት በዝምታ ነው፣ ዝምታው መበላት የለበትም።

ጉዞውን በቅደም ተከተል ለሚፈልግ ይቺን አጭር ዝርዝር እንሰጣለን፤ በዲስኩ ላይ ያልተገኘውን ከየአልበሙ አምጡ፦ «ኢች ኤንድ ኤቭሪ ዋን» ከ1984፣ «ድራይቪንግ» ከ1990፣ «ሚሲንግ» ከ1994፣ ያው «ሚሲንግ» በቴሪ እጅ፣ «ዎኪንግ ዉንድድ» ከ1996፣ «ፋይቭ ፋደምስ» ከ1999። ከሦስተኛው ወደ አራተኛው ስትሻገሩ ድምፁን አትንኩት፤ የቴሪ ከበሮ ሲገባ ማስደንገጡ ተገቢ ነው።

ይህን የጨረሰ ወደ 2023ቱ «ፊዩዝ» ይለፍ። ከ24 ዓመት በኋላ የተሠራ አልበም ነው፤ ስብስቡ ሁሉ የቆመበት ያ የማይለወጥ ድምፅ እዚያ ላይ በመጨረሻ ተለውጧል፣ ወርዷል፣ ጠርዙም ሻክሯል። ኤሌክትሮኒክሱ ግን በዙሪያው ቦታ ትቶለታል።