ጋማ ካሜራ ወይስ ፔት? ጅማ ላይ ለሚገዛ

ጅማ ላይ የኒውክሌር ሕክምና ክፍል ለመክፈት ያሰባችሁ፣ ከማሽኑ በፊት መድኃኒቱን አስቡ። እዚህ ጨረሩ የሚወጣው ከማሽኑ አይደለም። ለታካሚው ከተሰጠው ጨረር አመንጪ መድኃኒት ነው፤ ጋማ ካሜራም ፔትም ከሰውነቱ የሚወጣውን ይህን ጨረር ይዘው ምስል የሚሠሩ ማሽኖች ናቸው። መድኃኒቱ ደግሞ ገና መንገድ ላይ እያለ ማለቅ ይጀምራል።

በምስል ጥራት ፔት ይበልጣል፤ ክርክር የለውም። በተቃራኒ አቅጣጫ በአንድ ጊዜ የሚወጡ ሁለት ፎቶኖችን (የጨረር ቅንጣቶችን) ስለሚይዝ የመጡበትን መስመር ከራሳቸው ያውቃል። ጋማ ካሜራ ግን ኮሊሜተር የግድ ነው፦ ፊቱ ላይ የሚገጠም፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ወፍራም እርሳስ። አግድም የመጣውን ሁሉ ያስቀረዋል። ከ10,000 ፎቶን የሚያልፈው ጥቂት ብቻ ነው። ለዚህ ነው ፔት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲለይ፣ ካሜራው እየዞረ የሚያነሳው ስፔክት 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሚቀረው።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው 7 ሰዓት ፈጀ እንበል። የፔት ዋናው ጨረር አመንጪ ፍሎሪን-18 በየ110 ደቂቃው ግማሹ ይጠፋል። አዲስ አበባ ተመርቶ ወዲያው ቢጫን እንኳ ጅማ የሚደርሰው 7 በመቶው ነው። በአውሮፕላን ይሻላል፤ ግን ክረምት ላይ በረራ ቢዘገይ፣ ጾሞ ሲጠብቅ የዋለው ታካሚ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከሊሙ ወይም ከአጋሮ ለመጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የጋማ ካሜራው ቴክኒሺየም-99ኤምም ቢሆን ግማሽ ዕድሜው 6 ሰዓት ነው። ልዩነቱ፣ የሚጓዘው እሱ ሳይሆን ወላጁ፣ ማለትም እየፈረሰ ቴክኒሺየም የሚሆነው ሞሊብዴነም-99 ነው፤ የእሱ ግማሽ ዕድሜ ደግሞ 66 ሰዓት። ያው 7 ሰዓት ተጉዞ 93 በመቶው ይቀራል። ጠዋት ጠዋት ሞሊብዴነሙ ባለበት ዕቃ ውስጥ የጨው ውሃ ታሳልፉና የዕለቱን ቴክኒሺየም እዚያው ታወጣላችሁ። ከሳምንት በኋላ 17 በመቶ ገደማ ስለሚቀረው አዲስ ይታዘዛል። እንቅርት፣ አጥንት፣ ኩላሊት፣ ብዙው ሥራ በዚህ ያልቃል።

ስለዚህ ምርጫዬ ባለ ሁለት ራስ ጋማ ካሜራ ከነስፔክቱ ነው። ሲቲ ስካን የተጨመረበት የበሽታውን ቦታ በትክክል ያሳያል፤ ገንዘብ ካለ ደስ ይለኛል። ከሌለ ግን ገንዘቡ ለጥገና ውል፣ ለኤሲና ለመጠባበቂያ መብራት ይዋል። በካሜራው ውስጥ ያለው፣ ጨረሩን ወደ ብርሃን የሚቀይረው የሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታል እርጥበትና ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ አይወድም። መብራት ጠፍቶ ኤሲው ከቆመ ሊሰነጠቅ ይችላል። የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛ እጅ የምትገዙ ከሆነ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ጨረር የሚያወጣ የኮባልት-57 ሰሌዳ ካሜራው ላይ አስቀምጠው ምስል ያንሱላችሁ። ጤነኛ ካሜራ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ግራጫ ያሳያል። ክብ ጥላ ከታየ አንዱ የብርሃን ማጉያ ቱቦ ደክሟል ማለት ሊሆን ይችላል፤ እሱ ይቀየራል፣ ዋጋ ቀንሱበት። ቅርንጫፍ እያወጣ የሚሄድ መስመር ከታየ ግን ክሪስታሉ ተሰንጥቋል፣ ተዉት። ይህን ምስል ዓይናችሁ እያየ ሳይነሳ ቅድመ ክፍያ አትልቀቁ።