ጂኖሚክ ወጣት ኮርማ ወይስ በልጆቹ የተፈተነ? ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት

ከብት የሚያረቡ ጓደኞቼ የኮርማ ካታሎግ በደረሳቸው ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነው። «ሴት ልጆቹ ታልበው የታዩለትን ኮርማ አባለዘር ልግዛ ወይስ ጂኖሚክ የሚሉትን፣ በዲ ኤን ኤው ብቻ የተገመተውን፣ ገና ልጅ የሌለውን?» ላሞቻችሁ ንጹህ ሆልስታይን ከሆኑ እኔ ጂኖሚኩን እላለሁ። ግን አንድ ኮርማ ላይ ሙጭጭ ሳትሉ፣ ከአራት ከአምስቱ እየቀላቀላችሁ።

በልጆቹ የተፈተነው በቁጥር ይበልጣል፣ አልክድም። አስተማማኝነቱ ከ90 በመቶ ያልፋል። ወጣቱ ወደ 70 ነው። ግን ሴት ልጆቹ ተወልደው፣ አድገው፣ ወልደው እስኪታለቡ ኮርማው አምስት ዓመት ያልፈዋል። በዚህ ጊዜ ከኋላው የመጡት ጥለውት ሄደዋል። አሜሪካ በ2009 እ.ኤ.አ. ጂኖሚክ ግምትን በይፋ ስትጀምር የኮርማ አባቶች የትውልድ ክፍተት፣ ማለትም ልጃቸው ሲወለድ ያላቸው አማካይ ዕድሜ፣ ሰባት ዓመት ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሁለት ዓመት ተኩል በታች ወርዷል። አምስት ወጣቶችን ስትቀላቅሉ ደግሞ አንዱ ቢያሳፍራችሁ ሌላው ይክሳል።

«የተፈተነ» የሚለው ቃል ያዘናጋል። በ1962 እ.ኤ.አ. የተወለደው ፓውኒ ፋርም አርሊንዳ ቺፍ የተባለው ሆልስታይን 16 ሺህ ያህል ሴት ልጆች ነበሩት። ከዚህ በላይ የተፈተነ የት ይገኛል? ወተት በወተት አደረጋቸው፤ አብሮ ግን ከሁለት ወገን ሲወረስ ፅንስ የሚገድል ጉድለት አወረሳቸው። የሞተ ፅንስ አይታለብ ነገር፣ ማንም አልቆጠረው። ዘሩ በዓለም ተሰራጭቶ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ፅንስ እንዳስወረደ ይገመታል። ጉዳዩን በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው የዲ ኤን ኤ መረጃ ነው። አሁን ካታሎጉ ላይ ኤችኤች1 ተብሎ ይጻፋል። ኮርማው ተሸካሚ ከሆነና ላማችሁ ከዚያ ዘር ከመጣች ዋጋው ቢረክስም ዝለሉት።

ወደ ዋጋው። የአንዷን ስትሮ፣ አባለዘሩ የታሸገባትን ቀጭን ቱቦ፣ ዋጋ አትዩ፤ የአንድ እርግዝና ዋጋ አስሉ። የአንዱ ዋጋ 1፣ የሌላው 2 ይሁን። ርካሹ ከ10 ላም 2 ብቻ ካስያዘ ለአንድ እርግዝና 5 አወጣችሁ። ውዱ ከ10 አምስት ካስያዘ 4 አወጣችሁ። የአዳቃዩ ክፍያ በየሙከራው ይጨመራል። ያልያዘላት ላም ደግሞ 21 ቀን ትጠብቃላችሁ፣ እየበላች።

ስትሮ ርካሽ ሆኖ ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያት አለው። አባለዘር የሚቀመጠው በ196 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነው። ናይትሮጅኑ አንዴ ጎድሎ ከሞቀ በኋላ መልሶ ቢሞላ አይድንም። ከውጭ ግን ምንም አይለይም። ብዙ የምትገዙ ከሆነ አንዷን ስትሮ መስዋዕት አድርጉና በማይክሮስኮፕ ይታይላችሁ። ሻጩ ካቅማማ ተመለሱ። የኮርማው ስምና መለያ ቁጥር ስትሮዋ ላይ ካልታተመም እንዲሁ።

ሌላው ማታለያ ቁጥሩ ራሱ ነው። አንድ ወዳጄ ከአንድ ነጋዴ እጥፍ ከፍሎ «ከፍተኛ ጂኖሚክ» ገዛ። ወረቀቱን አምጣ ስለው ቀኑ የቆየ፣ ግምቱም በአሮጌው መነሻ (ቁጥሩ በሚለካበት ዜሮ ነጥብ) የተሰላ ሆኖ ተገኘ። አሜሪካ መነሻውን በየአምስት ዓመቱ ትቀይራለች፤ የቅርቦቹ በ2020 እና በ2025 እ.ኤ.አ. ናቸው። መነሻው ሲቀየር የሁሉም ኮርማ ቁጥር ይወርዳል። የሁለት አገር ቁጥርም በቀጥታ አይወዳደርም፤ ስዊድን ኡፕሳላ ያለው ኢንተርቡል፣ የአገሮችን ግምት የሚያነጻጽረው ማዕከል፣ የሚያሰላው ለዚሁ ነው። በተረፈ የምርጥ ወጣቶች ግምት ልጆቻቸው መታለብ ሲጀምሩ ትንሽ መውረዱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ለመጨረሻዎቹ ጥቂት ነጥቦች እጥፍ መክፈል አያዋጣም። እኔ ከላይኛው ትንሽ ዝቅ ያሉትን እመርጣለሁ።

የራሳችሁን ጊደሮች ዲ ኤን ኤ ማስመርመርስ? የተወለደችውን ሁሉ የምታሳድጉ ከሆነ ገንዘብ ማባከን ነው። ውጤቱን አይታችሁ የምትሸጡት ከሌለ ምን ትመርጣላችሁ? ጊደር ሲተርፋችሁ ግን ያዋጣል። ርካሹ፣ ከዲ ኤን ኤው ጥቂት ሺህ ነጥብ ብቻ የሚያነበው መመርመሪያ ቺፕ ይበቃል። የጎደለውን ኮምፒውተር ይሞላዋል። አባቷ በእርግጥ የተመዘገበው ኮርማ መሆኑንም አብሮ ይነግራችኋል፤ አንዳንዴ መልሱ ያስደነግጣል።

ላሞቻችሁ ዲቃላ ወይም የአካባቢ ዝርያ ከሆኑ ግን ምክሬን ገልብጡት። ግምቱ የተሰላው በብዙ ሺህ ሆልስታይን መረጃ ነው። ከእነሱ የራቀ ዘር ላይ አስተማማኝነቱ ክፉኛ ይወርዳል። መኖና ሙቀት ሲለያይም የኮርማዎቹ ደረጃ ሊቀያየር ይችላል። እዚያ ላይ እንደ እናንተ ባለ ቤት ውስጥ ልጆቹ ሲታለቡ የታዩለትን ኮርማ ግዙ፤ ጂኖሚክ ስለተባለ ብቻ ጭማሪ አትክፈሉ።